ለጠባቧ ወርክሾፓችን የሠራሁት የቀለም መርጫ ክፍል

የቤት ዕቃ የምንሠራባት ክፍል አራት ሜትር በስድስት ናት። ቫርኒሽ ስንረጭ የኖርነውም መጋዙና መላጊያው ባሉበት በዚያው፣ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ነው። ቀቢያችን አመሻሽ ላይ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ "ምንም አይደል ጋሼ፣ ወተት እጠጣበታለሁ" ይለኝ ነበር። ሁላችንም በሙያው ስናድግ የተማርነው መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የቲነር ትነት ወደ ደም የሚገባው በሳንባ በኩል ስለሆነ ጨጓራ ውስጥ ያለ ወተት አያግደውም። ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቱ ስለከበደኝ ባለፈው ክረምት የመርጫ ክፍል ሠራሁ።

በአንዱ ጥግ በአርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት በሆነ ባለ አራት ማዕዘን) ብረትና በላሜራ ሦስት ጎን አቁሜ ፊቱን ክፍት ተውኩት፤ አየሩ ከቀቢው ጀርባ መጥቶ በዕቃው ላይ ያልፍና በኋላው ግድግዳ በተደረደረው የመስታወት ክር ፊልትሮ (ማጣሪያ) በኩል ይወጣል። የክፍቱ ፊት 1.5 ሜትር በ1.2 ሜትር፣ ማለትም 1.8 ሜትር ካሬ ነው። የተለመደው መለኪያ አየሩ በሰከንድ 0.5 ሜትር እንዲጓዝ ስለሚፈልግ ፋኑ በሰዓት 3,240 ሜትር ኩብ መሳብ አለበት። ፊልትሮውና ቱቦው ኃይሉን ስለሚቀንሱት ከዚህ ከፍ ያለውን ገዛሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ እሳት ነው። የቲነር ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ የተራ ሞተር ብልጭታም ይበቃዋል። ስለዚህ ሞተሩን ከቱቦው ውጭ አስሬ የአሉሚኒየሙን ፋን በፑሌጃና በቺንጊያ አዞርኩት፤ አምፖሉን ከታሸገ መስታወት ኋላ አደረግሁ፤ ላሜራውንም ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኘሁት። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ፊልትሮው እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል።

ሥራው አልቆ ቲነሩ ሁሉ ከቤት ከወጣ በኋላ እጣን አጭሼ አየሩን ፈተንኩት። አቧራ እንዳይገባ በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ነበር። ጭሱ ወደ ክፍሉ ከመግባት ይልቅ ከደፉ ላይ ተጠቅልሎ ወደ ፊቴ ተመለሰ። ፋኑ ይጮሃል እንጂ የሚስበው አየር አልነበረውም፤ የሚወጣውን ያህል የሚገባበትን መንገድ ዘግቼበት ኖሯል። ከፊት ለፊት ያለውን መስኮት ከፍቼ ስስ ጨርቅ ስወጥርበት ጭሱ እንደ ክር ተዘርግቶ ቀጥ ብሎ ወደ ፊልትሮው ገባ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

ክፍሉ ቢኖርም ቀቢያችን የከሰል ማጣሪያ ያለውን ጭንብል አያወልቅም። ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ግን እዚህ አንረጭም፤ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ከውጭ በቱቦ የሚመጣ ንጹሕ አየር ይጠይቃል።

የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ የጠገበ ፊልትሮ ራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል፣ ስንቀይረው ውጭ ባለ ውኃ የተሞላ ክዳናም በርሜል ውስጥ እንነክረዋለን። የሚቀየርበትን ጊዜ የምናውቀው በክፍቱ ፊት አናት ባንጠለጠልኳት ቀጭን የሐር ጨርቅ ነው፤ ፋኑ እየሠራ ወደ ውስጥ መዘንበሏን ስትተው ፊልትሮው ሞልቷል ማለት ነው።