የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ

ዛሬ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ደብተሬን አውጥቼ መሳል ጀመርኩ። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ አውቶቡሱ ይንገጫገጫል፣ እስክሪብቶው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። አጠገቤ ያሉት እናት ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄ እንጀራ ያበላል?» አሉ።

«አይ እማማ፣ እንጀራዬስ ቢሮ ነው።»

ምንም አላሉም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጉልበታቸውን ወደ መተላለፊያው አዙረው ለክርኔ ቦታ ለቀቁልኝ። ደጀን እስክንወጣ እንደዚያው ተጣመው ተቀመጡ!

ቤት ስሆን ልጅ አለ፣ የሚታጠብ ዕቃ አለ፣ የማያልቅ ስልክ አለ፤ ቀለሞቼ አልጋ ስር አቧራ ለብሰዋል። ስቱዲዮ ሲባል ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ነበር የሚታየኝ (ኪራዩን ተዉት)። ለካ አንዳንዴ ጠጋ የሚልልህ ሰው ካገኘህም ይሠራል። ነገ ባሕር ዳር ስብሰባ አለብኝ፤ ከምሳ ሰዓቱ ላይ ትንሽ ቆርሼ ጣና ዳር እወርዳለሁ።