ሶሌር የጉዊን የበኩር ልጅ ነው ብዬ ስምል ጋሻውን አላነበብኩም ነበር

ዳርክ ሶልስ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም የጀመርኩት ለውጊያው ብዬ ነው፣ ታሪክ የሚባል ነገር ያለውም አልመሰለኝም። መጀመሪያ ላይ አንድ ቪዲዮ ያሳይህና ጉዊን የሚባል የፀሐይ ጌታ ዘንዶዎቹን በመብረቅ ድል አደረጋቸው ይልሃል፣ ከዛ በቃ፣ ዝም። ቀሪውን ከየዕቃው መግለጫ ነው የምትለቅመው። ቀለበት ታነሳለህ፣ ስሩ ሶስት አራት መስመር ጽሑፍ አለ፣ ከሱ ውስጥ ደሞ ቁምነገር ያላት አንዷ ብቻ ናት።

እኔን የያዘችኝ የጉዊን የበኩር ልጅ ቀለበት ላይ ያለችው ናት። ልጁ የጦርነት አምላክ ነበር፣ በሞኝነቱ ከአምላክነት ተሻረ፣ ከታሪክ መዝገብ ተፋቀ፣ ዛሬ ስሙን እንኳ የሚያውቅ የለም ነው የምትለው። የተፋቀ አምላክ! ይሄን አንብቦ የሚተኛ ሰው አለ እንዴ? ወዲያው ይሄ ስሙ የጠፋ ልጅ እዚሁ ጌም ውስጥ የሆነ ቦታ ቆሞ እያየኝ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ማስረጃ መፈለግ የጀመርኩት ከደመደምኩ በኋላ ነው፣ ጥፋቴም እዚችው ጋ ነው የጀመረው።

እጩዬ የአስቶራው ሶሌር ነበር። ታውረስ ዴመን የሚባለውን ትልቅ ጭራቅ ገድለህ ስታልፍ ጠርዝ ላይ ቆሞ ፀሐይ ሲያይ የምታገኘው፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ፀሐይ የተሳለበት፣ የራሴን ፀሐይ ልፈልግ ነው የመጣሁት የሚልህ ሰውዬ። ከሱ ብዙም ሳይርቅ፣ ዘንዶው እሳት የሚተፋበት ድልድይ ጋ፣ የፀሐይ መሠዊያ አለ፣ ላዩ ላይ የነበረው ሐውልት ፈርሷል፣ የፀሐይ ተዋጊዎች የሚባለው የጥንት ማኅበር ቃል ኪዳን የሚገባውም እዛ ነው። የማኅበሩ ሜዳሊያ ላይ ደሞ ምልክቱ የዛ የተሻረው ልጅ ምልክት እንደሆነና የድሮው የጦርነት አምላክ አሁንም ተዋጊዎቹን በቅርብ እንደሚከታተል ተጽፏል። ሶሌር የማኅበሩ ሰው ነው፣ መብረቅ ይወረውራል፣ ጉዊንም መብረቅ ይወረውራል፣ ስለዚህ ልጁ ነው። 11 ገጽ ጻፍኩ፣ በስክሪንሾት፣ በቀይ ቀስት፣ ምናምን። እያንዳንዱን መስመር ስጽፍ ራሴን እንደ መርማሪ ፖሊስ ነበር የማየው።

ለጓደኛዬ ሰጠሁት። እኔ ጌሙን ከማወቄ በፊት ሁለት ሶስቴ የጨረሰ ልጅ ነው። ዝም ብሎ አነበበና "ጋሻውን አንብበኸዋል?" አለኝ።

የቱን ጋሻ? የሶሌርን ጋሻ እኮ ነው። ጋሻው ደሞ ቦርሳዬ ውስጥ ሳምንታት ተቀምጧል፣ ምክንያቱም ኢዛሊዝ የሚባል የጌሙ ቦታ ላይ አንዲት የምታበራ ትል ራሱ ላይ ወጥታ ፀሐዬን አገኘኋት እያለ ሲያብድብኝ እያዘንኩ ገድዬው ዕቃውን ወስጃለሁ። ከፈትኩት። ጋሻው ላይ ያለውን ቅዱስ ምልክት ሶሌር ራሱ እንደሳለው፣ ምንም አምላካዊ ኃይል እንደሌለው፣ የሰውዬው ጉብዝናም ከራሱ ልምምድ ብቻ የመጣ እንደሆነ ይናገራል። የደረቱ ፀሐይም እንደዛው፣ በእጁ የቀባት ናት። 11 ገጽ! ጓደኛዬ አልተወኝም፣ "ደሞ የፀሐይ ጌታ ልጅ ፀሐይንና ትልን መለየት ያቅተዋል?" ብሎ ሳቀብኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

በጣም ያናደደኝ አለማወቄ አልነበረም። ጋሻውን ሳነሳ ጽሑፉን አይቼው ነበር፣ ግን ለቲዎሪዬ ስለማይጠቅም ዓይኔ ዘሎታል። ከዛ በኋላ አሰራሬን ቀየርኩ። ደብተር ገዝቼ በሶስት ዓምድ ከፈልኩት፣ አንዱ ላይ ጽሑፉ ራሱ ምን ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ይሄን የሚለው ማነው፣ ሶስተኛው ላይ የኔ ግምት፣ እሱም በእርሳስ ብቻ።

ሁለተኛው ዓምድ ነው ያስተማረኝ። ለምሳሌ ሎይድ። መጀመሪያው ጌም ላይ የነጩ መንገድ የሚባለው የካህናት ማኅበር የሚያመልከው፣ የጉዊን አጎት፣ የሁሉ አባት ነው። ዳርክ ሶልስ 3 ላይ ግን አንድ ቀለበት ታገኛለህ፣ ካሪም የሚባለው አገር ካህናት ሎይድ አስመሳይ ነው፣ የሁሉ አባት የሚለውንም ማዕረግ ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው ብለው ይከራከሩ እንደነበር ይነግርሃል። አምላኩ አልተለወጠም እኮ፣ ተናጋሪው ነው የተለወጠው። እና እኔ ያን ሁሉ ጊዜ መግለጫዎቹን እግዚአብሔር ራሱ እንደጻፋቸው ነበር የማነባቸው።

ዓይንህ ያየውም ቢሆን ቢያንስ አንዴ ይዋሻል። የአማልክቱ ከተማ አኖር ሎንዶ ላይ የጉዊን ሴት ልጅ ጉዊነቨር ፊት ደርሼ ቀስት ለቀቅኩባት (ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ጣቴ ነው) እና ልዕልቲቱ ብን ብላ ጠፋች፣ ከተማው በሙሉ ጨለመ፣ ፀሐይዋም እሷም ሌላው የጉዊን ልጅ ጉዊንዶሊን የሰራቸው ምትሃት ነበሩ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስክሪንሾት ብቻውን ማስረጃ ነው ብዬ አልጻፍኩም።

ቃላቱንም ማክበር ለመድኩ። ከጉዊንዶሊን በኋላ ያለው የጉዊን መቃብር ጋ፣ የበኩር ልጁ ሲሻር ትቶት የሄደ የሰይፍ ተአምር (እንደ ድግምት የምትጠቀምበት ኃይል) አለ፣ መግለጫው "ምናልባት ለመሰናበቻ" ዓይነት ነገር ነው የሚለው። ያቺን "ምናልባት" ድሮ ቢሆን ቆርጬ እጥላት ነበር፣ አሁን ከነሕይወቷ ደብተሬ ላይ አለች።

መልሱ ራሱ የመጣው 2016 ዳርክ ሶልስ 3 ሲወጣ ነው፣ የዘንዶዎቹ ተራራ ላይ ስም የለሹ ንጉሥ ዘንዶ ጋልቦ ይመጣብሃል፣ ነፍሱን ስታገኝ ደሞ ዘንዶ ገዳይ የጦርነት አምላክ እንደነበረና ከጥንት ዘንዶዎች ጋር ለመወዳጀት ሁሉን እንደሠዋ ይላል። ስሙን አሁንም አይነግሩህም ግን ሁሉም ነገር ወደሱ ነው የሚጠቁመው። በሱ ብቻ ሃያ ጊዜ ሳልሞት አልቀርም፣ ሆኖም ጽሑፉን ሳነብ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተራመድኩ። ጌሙን የመራው ሂዴታካ ሚያዛኪ ልጅ እያለ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የፋንታሲ መጻሕፍትን በደንብ ሳይገባው እያነበበ፣ ያልገባውን በምናቡ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል፣ ክፍተቱን ሆን ብሎ ነው የተወልን ማለት ነው፣ እኔ ደሞ ክፍተቱ ውስጥ ሶሌርን ጠቅጥቄ በሩን ዘጋሁት።

አሁን የያዝኩት ቬልካን ነው፣ የኃጢአት አምላክን። አንደኛው ዓምድ፦ ኃጢአትህን የምታስፋቅበት አገልጋይ አላት፣ ታሊዝማኗም (ተአምር የምትሠራበት ክታብ) ከሌሎቹ በተለየ በእምነት ፈንታ በእውቀት ነው የሚሰራው። ሁለተኛው ዓምድ፦ የካሪሙ ኦስዋልድ፣ ይቅርታውን በነፍስ የሚሸጥልህ ሰውዬ፣ ስለዚህ ጥቅም አለው። ሶስተኛው ላይ፣ በእርሳስ፣ ጌሙ ከሚጀምርበት እስር ቤት አንስቶ የሚወስደን ትልቁ ቁራ እሷ ትሆን ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ትናንት አይቶት ጎኑ የጥያቄ ምልክት ጨመረበት፣ እኔም አልሰረዝኩትም።