የላኦኛዋን «ለ» በትክክለኛ ቁጥሯ ለማስቀመጥ የሄድኩበት መንገድ

በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ የላኦኛ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የሚለውጥ ፕሮግራም እንድጽፍ ሲሰጠኝ፣ ጊዜዬን ይወስዱታል ብዬ የገመትኳቸው ከተነባቢው በላይና በታች የሚደረደሩት የአናባቢና የቃና ምልክቶች ነበሩ። ከሁሉ በላይ ያቆየችኝ ግን «ለ»ን የምትወክለው ተነባቢ ሆነች። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የጻፈ ሰው የሥራውን ባሕርይ አያጣውም፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ሲሆን የላኦኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ብቻ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ጽሑፉ ዝባዝንኬ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ የአሮጌውን ፎንት ቁጥሮች ከዩኒኮድ ቁጥሮች ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው።

ሠንጠረዡን ለመሙላት አቋራጭ የሚመስለው የዩኒኮድን የፊደል ስሞች መከተል ነው። ላኦዎች ተነባቢን የሚጠሩት በእርሱ በሚጀምር ቃል ነው፤ «ለ»ን በጦጣ ስም «ሎ ሊንግ» ይሏታል። ዩኒኮድ ግን ይህን ስም የሰጠው በ3747 ላይ ለተቀመጠችው ለ«ረ» ሲሆን፣ እውነተኛዋ «ለ» በ3749 ላይ «ሎ ሎት» ተብላ ትገኛለች። ሁለቱ የ«ፈ» ፊደላትም፣ 3741 እና 3743፣ እንዲሁ ስማቸው ተለዋውጧል።

የተዛባው ቁጥሩ ሳይሆን ስሙ መሆኑን ያረጋገጥኩት ከታይኛ ጋር በማመሳከር ነው። የላኦኛ ፊደላት የተደረደሩት የታይኛውን ቅደም ተከተል ተከትለው በመሆኑ፣ ከአንድ የላኦኛ ተነባቢ ቁጥር ላይ 128 ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ የታይኛው አቻ ይገኛል። ከ3749 ላይ 128 ሲነሳ 3621 ይመጣል፤ እዚያ ያለችው ታይኛ ፊደል «ሎ ሊንግ» ተብላ በትክክል ተሰይማለች።

ስሙ ለምን አይታረምም ቢባል፣ ዩኒኮድ አንድ ጊዜ ያጸደቀውን የፊደል ስም ፈጽሞ አይለውጥም፤ ስሞቹን እንደ መለያ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ሲባል የተወሰደ አቋም ነው። በምትኩ የማረሚያ ስሞች ዝርዝር ያወጣል፤ 3749 እዚያ «ሎ» ብቻ ተብላለች። አቋሙ ግትር ቢመስልም ትክክል ነው እላለሁ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዥ የምሞላው በቁጥር ብቻ ነው።

ፋይሉ የዩኒኮድ ቁጥሮችን በባይት (ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች) በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 አሠራር ሲጻፍ፣ እንደ እኛ ፊደል ሁሉ፣ እያንዳንዷ የላኦኛ ፊደል ሦስት ባይት ትወስዳለች። 3749 ለ64 ሲካፈል 58 ደርሶ 37 ይቀራል፤ በሁለቱም ላይ 128 ሲደመር 186 እና 165 ይሆናሉ፤ ከፊታቸው 224 ይገባል። «ረ» የምትለየው በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው፦ 163።

ለመፈተሻ የመረጥኩት የአገሪቱን ስም ነው፤ «ላኦ» የሚጀምረው በዚህችው ፊደል ስለሆነ ልውውጡ ካለ ወዲያው ይታያል። ከ1975 በኋላ «ረ» ከይፋዊው አጻጻፍ በመውጣቷ፣ በዚያ ዘመን ሰነድ ውስጥ 3747 ከ3749 በልጦ ከተገኘ ሠንጠረዡ እንደተገለበጠ መጠርጠር ይቻላል። ከ1975 በፊት በተጻፉትና የውጭ ስሞች በበዙባቸው ገጾች ላይ ግን ቆጠራው አያስተማምንም፤ እነዚህን ፕሮግራሙ ሳያልፋቸው ምልክት አድርጎ ላኦኛ አንባቢ ለሆነ አራሚ እንዲያስተላልፍ አደረግኩ።