አንዲት ዜሮ ጥዬ ኔፕቱንን ግቢ ውስጥ ያስቀመጥኩበት ቀን

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሰማይ አካላትን መጠንና ርቀት በሜዳ ላይ ለማሳየት ያሰበ መምህር ካለ፣ ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረምና ይህን አንብቦ ይጀምር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመሬትን ዲያሜትር፣ 12,742 ኪሎ ሜትሩን፣ አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል የጤፍ ፍሬ ተካሁት። በዚህ ልኬት ፀሐይ 11 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጨርቅ ኳስ ሆነች፤ ጤፏ ከኳሱ 11.7 ሜትር ራቀች፤ ጁፒተርም ጠቀም ያለ ሽምብራ ሆና 61 ሜትር ላይ ዋለች።

ጉዱ የመጣው ከኔፕቱን ነው። ከፀሐይ ያላት ርቀት 4.5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባጭሩ 4.5 × 10⁹ ተብሎ ይጻፋል፤ እኔ ግን ሌሊት እያንጎላጀጅኩ ስሠራ ከአሥር አናት ላይ የምትቀመጠውን 9 ቁጥር 8 አድርጌ ገለበጥኳት፤ አንዲት ዜሮ ጣልኩ ማለት ነው። መልሱ 353 ሜትር መሆን ሲገባው 35 ሜትር ወጣልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደስ ያለኝም ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ከ70 ሜትር ብዙም ስለማይዘል፣ ከበር መውጣት ሳያስፈልገኝ ሁሉም ሊያልቅልኝ በመሆኑ ነበር። ቁጥሩን ያመንኩት ስለተመቸኝ ብቻ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘር በተገኘበት፣ ተማሪዎቹን ርቀት የተጻፈበት ወረቀት እያስያዝኩ አሰማራኋቸው። ሽምብራ የያዘችው ልጅ ከሩቅ ተጣራች፦ «ቲቸር፣ ኔፕቱን የመጨረሻዋ አይደለች እንዴ? ለምን ከእኔ በፊት ቆመች?» እኔም እንግዳው ፊት እንዳላፍር ብዬ «ዝም ብለሽ ቦታሽ ላይ ቁሚ» አልኳት። ከዜሮዋ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ መልስ ነው።

ወረቀቴን ገልጬ ስሕተቱን ካየሁ በኋላ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሁላችንንም ይዤ ከበር ወጣሁ፤ ወደ 500 እርምጃ ቆጥረን ኔፕቱንን፣ አንዲት የምስር ፍሬ፣ ባጃጅ ተራው ጋ አስቀመጥናት። ሱፐርቫይዘሩ በመዝገቡ ላይ ያሰፈረው «ተማሪዎችን ያለ ፈቃድ ከግቢ አስወጥቷል» የሚል ብቻ ነበር። ፕላኔቷ አሥር እጥፍ ቀርባ መቆሟን ከነጭራሹም አላስተዋለም።

የመምህሩ መመሪያ መጀመሪያ ትልልቅ ቁጥሮች በአሥር ርቢ የሚጻፉበትን መንገድ አስጠኑ ይላል። እኔ አልስማማም፤ ተማሪ አስቀድሞ «ይህ ከዚያ ሊቀርብ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ፕላኔቶቹን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን የደረደረውን ሥዕልም ቢሸፍኑት እመርጣለሁ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በፀሐይ ዲያሜትር ላይ 109 መሬቶች ይደረደራሉ ስላልኩ፣ ልጆቹ ኳሱን 109 ጤፍ የሚሞላው መሰላቸው፤ በይዘት ሲሰላ ግን 1.3 ሚሊዮን ያህል ነው።

ስንመለስ ያቺው ልጅ ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ኮከብ የት እንደምትውል ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ 3,150 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ማዶ፣ ቱርክ ምድር ሆነ። እሷም በደብተሯ ሠርታ ያንኑ እስክታሳየኝ ድረስ ግን ሰሌዳው ላይ አልጻፍኩትም።