62 ጊጋፓስካል፦ የምርምር ቦታ ያሳጣኝ ቁጥር

በጠጣር አካላት መካኒክስና በቁስ ምህንድስና ለዶክትሬት ማመልከት ራሱ ከባድ አይደለም። የትምህርት ማስረጃዬን አሰባሰብኩ፣ ከሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ተቀበልኩ፣ በብረት ድካም (በተደጋጋሚ ጭነት መዳከምና መሰንጠቅ) ላይ ለሚመራመሩ አራት ፕሮፌሰሮች ጻፍኩ። አንደኛው ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።

ከማመልከቻዬ ጋር የመመረቂያ ሥራዬን አያይዤ ነበር። ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት በመሳቢያ ማሽን ፈትኜ የያንግ ሞጁለሱን፣ ማለትም ሲሳብ ለመለጠጥ ያለውን እምቢታ፣ 62 ጊጋፓስካል ብዬ ጽፌያለሁ። ፕሮፌሰሩ ገጹን ገለጡና ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳረፉ።

«ናሙናው አሉሚኒየም ነው?»

«ብረት ነው።»

«የብረት ስንት ነው?»

«200 ገደማ።»

«ታዲያ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?»

«ምናልባት የብረቱ ጥራት ይሆናል» አልኩ። ነገሩ ያበቃው በዚህ መልስ ነው። የብረት ጥንካሬ በቅይጥና በሙቀት አያያዝ እጥፍ ድርብ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ሞጁለሱ ግን እምብዛም ንቅንቅ አይልም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ስህተቱን ያገኘሁት በዚያው ሌሊት ነው። የለካሁት የናሙናው ርዝመት 50 ሚሊሜትር ነበር። በ200 ሜጋፓስካል ውጥረት (በስፋት የተካፈለ ኃይል) ብረቱ የሚሳበው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እኔ ግን የመዘገብኩት የማሽኑን ተንቀሳቃሽ አግዳሚ ጉዞ ነው፤ እሱም 0.16 ገደማ ነበር። ትርፉ የመቆንጠጫው መንሸራተትና የማሽኑ አካል መለጠጥ ነው። ለካ ከብረቱ ይልቅ ማሽኑን ስለካ ነው የከረምኩት።

ናሙናው ላይ በቀጥታ ታስሮ የራሱን የናሙናውን መለጠጥ የሚለካው ኤክስቴንሶሜትር በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ኃላፊው «ለተማሪ አይሰጥም፣ ውድ ነው» አሉ። የሙከራ መመሪያውም የአግዳሚውን ጉዞ ተጠቀሙ ይላል። ያንን መመሪያ የጻፈ ሰው ስንት ተማሪ እንዳሳሳተ ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ይቆጨኛል። በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት ግን ይብሳል፦ በሠንጠረዡ ላይ 62ን ከ200 ጎን ለጎን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አይቼም አልፌዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንቼ መሣሪያውን ለአንድ ከሰዓት በኋላ አገኘሁ። ሁለቱን ስለታም ጠርዞች ናሙናው ላይ አሳረፍኩ፣ በላስቲክ አሰርኩ፣ በዝግታ ሳብኩ፤ 204 ወጣ። የድሮውንና የአዲሱን ልኬት መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ አድርጌ፣ ከሥሩ የልዩነቱን ምክንያት በግማሽ ገጽ ጽፌ ለሌላ ፕሮፌሰር ላክሁ።

የሥራ አማካሪዎች የምታውቋቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ዘርዝሩ ይሏችኋል። ዝርዝሩን ቆርጣችሁ ጣሉት። በቀለም ያሸበረቀ የውጥረት ሥዕል ማንም ያወጣል። በአውሮፕላን ክፍሎችም ሆነ በተሰበሩ ማሽኖች ምርመራ ሥራ የሚፈለገው ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው ነው። አሁን የምሠራው የስንጥቅ እድገት ላይ ነው። ስንጥቅ በተደጋጋሚ ጭነት በምን ፍጥነት እንደሚያድግ በሚገልጸው በፓሪስ ሕግ መሠረት የእድገቱ ፍጥነት ለብረት በግምት ከውጥረት መጠነ ስፋት ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በውጥረቱ ላይ የ10 በመቶ ስህተት በፍጥነቱ ላይ ወደ 33 በመቶ ያድጋል።

ሁለተኛው ፕሮፌሰር መጀመሪያ የጠየቁኝ ኤክስቴንሶሜትሩ በምን መለኪያ እንደተመሳከረ ነበር። እሱንም ከግራፉ ሥር ጽፌው ነበር።