ማካሮቫን በአማርኛ ስጽፍ

የሩሲያዊቷን ባሌሪና (የባሌት ዳንሰኛ) እና ተዋናይት የናታሊያ ማካሮቫን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ሳዘጋጅ ከሁሉ በላይ ጊዜ የፈጀብኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የተወለደችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1940 ነው፤ ሰባት ሲቀነስ ኅዳር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ይሆናል። ለንደን የቀረችበትን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1970ንም በዚሁ ስሌት 1963 ብዬ ተሳሳትኩ። ዕለቱ ነሐሴ 29 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ገና ሰባት ቀን ይቀራል። ከመስከረም 1 በፊት ከሆነ የሚቀነሰው ስምንት ነው። ወሩ ያልተጠቀሰ ዓመት ሲገጥመኝ ጭራሽ አልመነዝረውም፣ እ.ኤ.አ. ብዬ እተወዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው ናቸው።

ስሞቹም ዘመን አላቸው። በ1940 የተወለደችባት ከተማ ሌኒንግራድ፣ በኋላ የደነሰችበት ቲያትር ደግሞ ኪሮቭ ይባሉ ነበር። ከዛሬዎቹ ስሞቻቸው፣ ከሴንት ፒተርስበርግና ከማሪንስኪ፣ ጋር ቢቀላቅሏቸው ሁለት ከተማና ሁለት ቲያትር ያለ ይመስላል።

ለንደን ላይ ያደረገችውን በምን ግስ ልጻፈው? «ከዳች» የሶቪየት መንግሥት አፍ ነው። «ጥገኝነት ጠየቀች» ልክ ነው፣ ግን የቢሮ ወረቀት ይሸታል። የመረጥኩት «ከቡድኑ ጋር ለትርኢት ሄዳ እዚያው ቀረች» የሚለውን ነው፤ ይህን ለማንም አበሻ ማብራራት አያስፈልግም። በ1989 ኪሮቭ መድረክ ላይ ዳግም ስትቆም ደግሞ «ተመለሰች» ብዬ ሰረዝኩት፣ ለመኖር አልነበረምና። «ሄዳ ደነሰች» ይበቃል። ሌላው የሚምታታው ከሶቪየት ወጥተው የቀሩት ዳንሰኞች ተራ ነው፦ ኑሬዬቭ በ1961 ፓሪስ፣ ማካሮቫ በ1970 ለንደን፣ ባሪሽኒኮቭ በ1974 ቶሮንቶ።

ዳንሱን መግለጽ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ላ ባያዴር የዳንስ ቀማሪው ፔቲፓ በ1877 የሠራው ባሌት ነው። ማካሮቫ «የጥላዎች መንግሥት» የሚባለውን ክፍል በ1974፣ ሙሉውን በ1980 ለአሜሪካን ባሌት ቲያትር አዘጋጀች። በእሷ ዝግጅት 24 ነጭ የለበሱ ሴቶች በተዳፋት መድረክ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። መጀመሪያ «እግሯን አነሳች» ብዬ ነበር፤ አንባቢ ወደ ፊት የተወረወረ እግር ይታየዋል። አራቤስክ ግን ሌላ ነው፦ የቆመችበትን እግር ሸብረክ አድርጋ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ወደ ፊት ታዘነብላለች፤ ቀና ትልና ክንዶቿን ከራሷ በላይ አድርጋ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ ትራመዳለች፤ ደግሞ እንደገና። መጀመሪያ የወጣችው ብዙ ጊዜ ትደጋግመዋለች። ዝግ ያለ ስለሆነ የአንዷ ቁርጭምጭሚት ቢንቀጠቀጥ የሚደብቀው ፍጥነት የለም። ፈተናው መዝለል ሳይሆን መቆም መሆኑን ካልጻፍኩ አንቀጹ ባዶ ነው።

ለተዋናይነቷ የራሷን ማስታወሻ ብቻ ይዞ መጻፍ አያዛልቅም፤ የታተመው በ1979 ነው፣ ብሮድዌይ ላይ ኦን ዩር ቶዝ በተባለው የሙዚቃ ቲያትር ቶኒ የተባለውን የቲያትር ሽልማት ያገኘችው ግን በ1983። የተጫወተችው ቬራ ባሮኖቫ የምትባል ሩሲያዊት ባሌሪናን ስለሆነ የሩሲያ ቅላፄዋ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ ለገጸ ባሕርይዋ ልብስ ሆነላት።

እዚህ ላይ የሰው መምታታት አለ። ያንኑ ገጸ ባሕርይ በ1936 መጀመሪያ የተጫወተችው ታማራ ጌቫ ናት፤ እሷም ሩሲያ ተወልዳ ዳንሰኛም ተዋናይም የሆነች። በ1937 ለንደን ላይ፣ በ1939 ደግሞ በፊልም የተጫወተችው ቬራ ዞሪና ናት። የዳንሱ ቀማሪ ባላንቺን ሁለቱንም በየተራ አግብቷቸዋል፣ ይህም ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ዞሪናን ግን ከሩሲያውያኑ ጋር አልቆጠርኳትም፤ ስሟ የመድረክ ስም ነው፣ ትውልዷ በርሊን፣ የወላጆቿ ስም ሃርትቪግ።