ስልጠናው ከመምህሩ ሃንድአውት ይጀምር

እኔ የማሰለጥነው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ነው፤ ክፍት የትምህርት ግብዓቶችን፣ ማለትም ማንም በነጻ ወስዶ እንዲጠቀምባቸው ፈቃድ የተሰጠባቸውን የማስተማሪያ ሥራዎች፣ እንዴት እንደሚያዘጋጁና ለተማሪዎቻቸው እንደሚያላምዱ። እናም አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በትርጉምና በታሪክ መጨረስ ይቅርብን። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2002 ከዩኔስኮ መድረክ መውጣቱን፣ በ2019 ደግሞ ዩኔስኮ ለአባል አገራት ምክረ ሐሳብ ማጽደቁን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ግን አስር ደቂቃ ይበቃዋል።

መምህሩ እኮ ድሮም ያዘጋጃል። ሃንድአውቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጧል፣ ተማሪዎቹ በቴሌግራም ይቀባበሉታል። የጎደለው ሌላ መምህር አንስቶ እንዲያሻሽለው የሚያስችል ፈቃድና ፋይል ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ማን ምኑን ያስተካክለዋል? የሚስተካከለው የወርድ (Word) ፋይልም አብሮ ይሰጥ።

ስለዚህ ሁሉም በመጪው ሴሚስተር የሚያስተምረውን አንድ ምዕራፍ ይዞ ይምጣ፣ እዚያው ይሥራበት። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶችም፣ ማለትም ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች እንዴት መጠቀም እንደሚችሉ የሚገልጽባቸው ፈቃዶች፣ የሚገቡት ያኔ ነው፤ ለምዕራፉ ሥዕል ፈልጎ ሲያገኝና «ይህን መጠቀም እችላለሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ። በነጻ የሚወርድ ሁሉ የሚሻሻል አይደለም። ፈቃዱ ላይ ኤንዲ (ND፣ «ለውጦ ማሰራጨት አይፈቀድም») የሚል ካለ እንዳለ ማካፈል እንጂ ለውጦ ማሰራጨት አይቻልም፤ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ ማሰራጨትም ያው ነው።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ማላመዱ ነው። ጆንን አበበ ማለት ማላመድ አይደለም! አንድ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ደንበኛ ባንክ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ የሚጠይቅ መልመጃ አለው እንበል። የእኛ ተማሪዎች ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሳሪስ ታክሲ የሚጠብቁበትን ደቂቃ ራሳቸው መዝግበው ይምጡና በዚያ ይሥሩ። አብዛኛውን ቀን አስር ደቂቃ ጠብቆ አንድ ቀን ሰዓት ሙሉ የቆመ ልጅ፣ ያቺ አንድ ቀን አማካዩን ሽቅብ ስትጎትተው ሚዲያኑ (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ለምን ንቅንቅ እንደማይል ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ፊዚክስ የሚያስተምሩት ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲን የፌት (PhET) ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ሙከራን በኮምፒውተር የሚያስመስሉትን ፕሮግራሞች፣ አንዴ አውርደው በፍላሽ ይያዙ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

አይቻልም ለሚለኝ የማሳየው የአገር ቤት ሥራ አለ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስልጠና የተጻፉትን ሞጁሎች የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው አዘጋጅተዋቸዋል፤ ክፍት ስለሆኑም ማንም ያወርዳቸዋል።

የሚያሳስበኝ ከስልጠናው በኋላ ያለው ነው። አንድን ኮርስ በደንብ ማላመድ ብዙ ሌሊት ይፈጃል፣ ለደረጃ እድገት ትልቁን ነጥብ የሚያመጣው ግን ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ቤተሰብ አለው፣ ጊዜው ውስን ነው። ይህ ሥራ ይቆጠርለት። በቀጣዩ ዙር ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ከመምህራኑ ጋር አብረው እንዲሰለጥኑ የምወተውተው ለዚህ ነው።